ወንዙ ዝም ያለ ዕለት

የደን ዘበኛው ገብረአብ ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ውጡ!» የምትል። ከጎረቤላ በላይ ያለውን የጽድና የኮሶ ደን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲጠብቅ እንጨት ለቃሚውን፣ ከብት አሰማሪውን፣ ማር ቆራጩን ሁሉ በዚያችው ቃል አባርሯል። የአገሩ ሰው «ገብረአብ ጉሙንም ውጣ ይለዋል» እያለ ያማው ነበር። ሰውየው ግን ክፉ አልነበረም። ዛፍ ሲቆረጥ ካየ የገዛ ጣቱ የተቆረጠ ያህል ስለሚያመው ነው።

ከሁሉ የሚብስበት ነሐሴ ነበር። ደኑ ውስጥ፣ ከፍታው ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ሐይቆች አሉ፤ የላይኛውን እናት፣ የታችኛውን ልጅ ይሏቸዋል። ከእናት ወደ ልጅ አንድ ወንዝ ይወርዳል፤ በወንዙ ዳር ሜዳ፣ በሜዳው ጥግ ደግሞ ጠበል አለ። ፍልሰታ በገባ ቁጥር ከእነዋሪም ከመዘዞም ሰው በሶና ሽምብራውን ይዞ ይመጣና ሜዳው ላይ የቅጠል ጎጆ ቀልሶ ሱባኤ ይገባል። ዐሥራ አምስት ቀን በዝናብና በብርድ ጾሞ ጸልዮ፣ ጾሙ ሲፈታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ከሜዳው የወጣ ሰው ስእለቱ እንደፈረሰ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ጎጆ ስንት ለጋ ጽድ እንደሚቆረጥ የሚያውቀው ገብረአብ በየዓመቱ ይመጣል፣ «ውጡ» ይላል፣ ሰሚ ያጣል፣ እየተነጫነጨ ይመለሳል። ሱባኤተኞቹም ለምደውት ነበር።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ግን የገዛ ሚስቱ ወለተሐና ሱባኤ ልግባ አለች። በትዳር ዐሥራ አራት ዓመት ኖረው ልጅ አልወለዱም። «አንድ ጊዜ ሳላቋርጥ እመቤቴን ልለምናት፤ ካልሰጠችኝ አርፌ እቀመጣለሁ» አለችው። ገብረአብ ምን ይበል? መጥረቢያውን አንሥቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጋ ጽድ ቆረጠ፤ ጎጆዋንም ራሱ ሠራላት። ጠበሉ እንዳይርቃት ብሎ ከወንዙ ዳር፣ ከሁሉም ዝቅ ያለውን ቦታ መረጠላት። በዚህ ምርጫው ኋላ ስንት ጊዜ ራሱን እንደረገመ እሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

የዚያ ዓመት ዝናብ ማባሪያ አልነበረውም። ወንዙ ሞልቶ ሌት ተቀን ያጓራ ስለነበር፣ የሱባኤው አባት አባ ገብረ ጻድቅ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ከፊት የተቀመጠው እንኳ አይሰማቸውም። እኒህ ሽማግሌ መነኩሴ ሕዝቡን ሰብስበው፣ ውሃው ጸጥ እንዲል ሦስት ቀን ምሕላ አስያዙ። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ጧት ወንዙ ጸጥ አለ።

ገብረአብ እልልታውን የሰማው ወደ ሜዳው ሲወርድ ነው። ምን ተገኘ ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ደረሰ፤ ደርሶም ቆመ። ዝናቡ እንደሆነ አሁንም ካቦርቱን እያበሰበሰው ነው። ወንዙ ግን ድንጋዩ እስኪታይ ጎድሏል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው መካከሉ ገብተው ይስቃሉ።

«ይህ ሁሉ ዝናብ የት ገባ?» አለ ለራሱ።

ሽቅብ ሮጠ። እናት ሐይቅ ሲደርስ ተራራው ከነዛፉ ተንዶ የወንዙን አፍ ደፍኖት አገኘ። ሐይቁ አብጧል። ሁልጊዜ ሥሯ ቁጭ ብሎ በሶውን የሚበጠብጥባት ኮሶ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ናት። ከተናደው ጭቃ ሥር በሦስት ቦታ ውሃ ይፈልቃል፤ እሱ ቆሞ እያየ አራተኛው ተከፈተ።

እየወደቀ እየተነሣ ወርዶ «ውጡ! ውጡ!» እያለ ሜዳው ውስጥ ገባ።

ሰዉ ሳቀ። ከመዘዞ የመጣችው አልታየች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ «ገብረአብ፣ ዘንድሮ ዘገየህሳ፤ ናፍቀኸን ነበር» አለችው።

አባ ገብረ ጻድቅ ግን ሳይስቁ ቀረቡት። «ልጄ፣ ስንት ዓመት ውጡ አልከን። እንደው እግዚአብሔር ጸሎታችንን በሰማበት ቀን እንኳ አትተወንም?»

«አባ፣ ውሃውን የያዘው ጭቃ ነው። ላዩ ተንዷል። አሁን ይፈርሳል።»

«ውሃውን ያቆመ ጭቃውንም ያቆማል። እኔ ሱባኤዬን አላፈርስም» አሉና ወደ ጎጆአቸው ገቡ።

ገብረአብ ወደ ሚስቱ ጎጆ ሄደ። ወለተሐና ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ሐና፣ ተነሺ። የላዩ ሐይቅ ሊፈርስ ነው።»

«ስድስት ቀን ነው የቀረኝ» አለች ሳትዞር። «ዐሥራ አራት ዓመት ጠብቄ በስድስት ቀን ልጣው? አንቱ ደግሞ ለዛፍዎ ብለው ነው።»

ይህ ነገር አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የጮኸው ጩኸት ዛሬ በሚስቱ አፍ ተመልሶ መጣበት። ምንሽር ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጭቃው ላይ አጋደመና ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። ገብረአብን እዚያ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ያየው ሰው የለም።

«ምን እየሆኑ ነው?» አለችው።

«ከእንግዲህ ውጪ አልልሽም። ካልወጣሽ ግን እኔም እዚሁ ነኝ።»

ዞር ብላ አየችው። ምንሽሩ ጭቃው ላይ ተጋድሟል። ለዛፍ ሲል ጥሎት አያውቅም። ወለተሐና አንዴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ከዚያ መቁጠሪያዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ወጣች።

ሰዉ ሳቁን ተወ። በምን ጉዳይ ሱባኤ እንደገባች የማያውቅ አልነበረም። እሷ ስእለቷን ከጣለች አንድ ነገር ቢኖር ነው እያሉ፣ አንድ በአንድ፣ እያጉረመረሙ ተከተሏት። አልታየችም እየተሳደበች መጣች። አባ ብቻ ቀሩ። ገብረአብ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ለመናቸው፤ በሁለተኛው ባርከው አሰናበቱት።

አፋፉ ላይ ገና መድረሳቸው ነበር። መጀመሪያ የሰሙት የዛፍ መሰበር ነው፤ ቀጥሎ ምድሩ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ከጉሙ ውስጥ ጥቁር ውሃ ግንድና ድንጋይ ይዞ ወረደና ጎጆውንም፣ አባንም ጠርጎ ልጅ ሐይቅ ውስጥ ገባ። የወለተሐና ጎጆ የት እንደነበረ እንኳ አይለይም ነበር።

ሠላሳ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየ። መጀመሪያ የተናገረችው አልታየች ናት። «ሱባኤ ባይፈርስ ኖሮ ውሃው እንደቆመ ይቀር ነበር» አለች ወለተሐናን እያየች። ማንም አልተቃወማትም።

ወሬው በሳምንቱ ገበያ ደረሰ። ገብረአብ ስለተናደው ጭቃ፣ ስለ አራቱ ምንጭ ለሰማም ላልሰማም ሲያስረዳ ኖረ። ሰዉ ከንፈሩን ይመጥለትና ሚስቱን በሩቁ ያልፋታል። ልጅም አልመጣም። ወለተሐና አንድ ቀን እንኳ «ያኔ ባልወጣ ኖሮ» ብላው አታውቅም፤ እሱ ግን በየዕለቱ ያለችው ይመስለዋል።

በዓመቱ ሱባኤተኛው ተመልሶ መጣ። ደለሉ ሜዳውን አስተካክሎለት ነበርና እዚያው ላይ ጎጆውን ቀለሰ። ገብረአብ «ውጡ» አላለም። በየማለዳው አፋፉ ላይ ወጥቶ ወንዙን አዳምጦ ይመለሳል። ወለተሐና ቤቷ ሆና፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ትጠብቀዋለች።

«ይጮኻል?» ትለዋለች።

«ይጮኻል።»

ያኔ ጸሎቷን ትጀምራለች። ስለ ልጅ መለመኑን ትታዋለች። በእያንዳንዷ ቋጠሮ እዚያ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ስም ትጠራለች፤ የምትጀምረውም ከአልታየች ነው።