ያልተነሳው ትሪ

የባዶውን ትሪ ነገር መጀመሪያ የነገሩኝ አውቶቡስ ተራ ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ዕለቱ ማክሰኞ፣ የለም፣ ረቡዕ ነበር፤ ሽሮ በልተናልና። ከቀድሞ የማስተማር ባልደረባዬ ከመኮንን ጋር በልተን ብንጨርስም ትሪው ከፊታችን አልተነሳም። ቅር ብሎኝ አስነሳሁት።

ወዲያው መኮንን፣ «ወንድሜ፣ ምሳ አናዝም እንዴ? ራበኝ እኮ!» አለኝ።

ወይዘሮ ዘነበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ጋሼ፣ ጋሽ መኮንን ትሪውን ካላዩ መብላታቸውን ይረሳሉ። ስኳር ስላለባቸው ደግሞ ሁለተኛ ምሳ ይጎዳቸዋል» አሉኝና ባዶውን ትሪ መልሰው አመጡት።

መኮንን አየውና ሳቀ። «ለካ በልተናል! ምን ቢጣፍጠን ነው እንዲህ የጠረግነው?»

በሳምንቱ ብቻዬን ሄጄ በላሁ። ወይዘሮ ዘነበች የሌላውን ሰው ትሪ ሁሉ ሰበሰቡ፤ የእኔን ግን ፈገግ ብለው ከፊቴ ተዉት። ይህን የጻፍኩት የዚያኑ ዕለት፣ ቤቴ እንደገባሁ ነው።