ገመድ አልባው ማይክራፎን፤ ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ናዝሬት

ጋሽ ቶሎሳ አሮጌ ፔጇቸውን አቁመው ጡሩምባ ሲነፉ ፊቴን እንኳ በቅጡ አልታጠብኩም። ፖርቶመጋላው ላይ ሁለት ስፒከር፣ አምፕሊፋየሩና ከበሮው በሸራ ተሸፍነው ታስረዋል። ደረጀ ከኋላ ወንበር ጊታሩን አቅፎ እንቅልፉን ይጨርሳል።

አራት ነን። እኔ በሙያዬ ሬድዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ሰርግና በዓል ሲመጣ ግን የዚህች ትንሽ ባንድ የድምፅ ሰው እሆናለሁ። ደረጀ ጊታር ይመታል። ጋሽ ቶሎሳ ይነዳሉ፤ ስንደርስ ደግሞ ከበሮውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ዘፋኛችን የሺ ናት። የሺ በልጅነቷ ታማ ግራ እግሯ ስለሰለለ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። አምና አንድ ሰርግ ላይ እየዘፈነች ስትራመድ የማይክራፎኑ ገመድ ምርኩዟ ላይ ተጠምጥሞ በሰው ፊት ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተደግፋ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብቻ ትዘፍናለች።

ነገ ሻሸመኔ ላይ የአክስቷ ልጅ አስካለ ትዳራለች። አንድ ቤት ነው ያደጉት። አስካለ በደብዳቤዋ «ጥግ ተቀምጠሽ ብትዘፍኚ አልሰማሽም፤ አጠገቤ ድረስ ነይልኝ» ብላ ጽፋላታለች።

ለዚህ ነው ጭኔ ላይ ካርቶን የያዝኩት። መርከበኛው ወንድሜ ከአሰብ ያመጣልኝ ገመድ አልባ ማይክራፎን ነው፤ ማይክራፎኑና ድምፁን የሚቀበል አንቴና ያለው አንድ ሳጥን። በግቢዬ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ከግቢዬ ውጭ ግን ገና አልወጣም።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሞጆ ኬላ

የይለፍ ወረቀታችን ሙሉ ነው። ፈታሹ ሸራውን ገልጦ አየ፣ ከበሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ ካርቶኑን አስከፈተኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማይክራፎን ነው፣ ጓድ።»

«ገመዱስ?»

«ገመድ የለውም።»

አንቴናውን ሳብ አድርጎ አስረዘመው። «ይሄስ?»

«ድምፁን በአየር የሚቀበልበት ነው።»

እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። የሰውዬው ፊት ተለወጠ። «በአየር? ከማን ነው የምትቀበሉት?»

በዚያ ዘመን በአየር ድምፅ የሚልክ ዕቃ ይዞ መገኘት ቀልድ አልነበረም። ደረጀ ባንዴ ነቃ። ይሄኔ የሺ በሩን ከፍታ በምርኩዟ ወረደች።

«ከኔ ነው የሚቀበሉት፣ ወንድሜ። ገመድ ጥሎኝ ነው። ስማኝና ፍረድ።»

ሳጥኑን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኘሁት፤ የጆሮ ማዳመጫዬንም ሰክቼ ለፈታሹ አጠለቅኩለት። የሺ ማይክራፎኑን ይዛ ከፔጆው ኋላ ሄደች። እኛ ከርቀት የምንሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነው፤ ሰውዬው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ከኋላችን ሽንኩርት የጫነ መኪና ደርሶ ጡሩምባ ቢነፋ በእጁ «ዝም በል!» አለው።

ሲያበቃ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ። «ያገሬን ዜማ ከየት አወቀችው?» አለኝ። ከዚያ ኮስተር ብሎ «አንቴናውን እጠፉት። በየኬላው አታስረዝሙ» ብሎ አሳለፈን።

ጋሽ ቶሎሳ መቂን እስክናልፍ ድረስ ሳቃቸውን አላቆሙም።

6 ሰዓት፣ ዝዋይ

ምሳችን ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ነው፤ ጥርት ብሎ የተጠበሰ፣ ከዳጣ ጋር። የምግብ ቤቷ ባለቤት እንግዳ መሆናችንን አይታ እሾሁን እየለቀመች ታጎርሰን ጀመር። ግራሩ ሥር ነፋሻ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጣቢዎቹን ከበው እንደ ሹም ይንጎራደዳሉ።

ከምሳ በኋላ ለአንድ እርሻ ሠራተኞች በክበባቸው ልንጫወት ተስማምተናል። ለኔ የነገው መለማመጃ ነው። የሺ ከወንበሯ ተነሳች። ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ አምስት። በሠራተኞቹ መሃል ስታልፍ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ በጣም የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ከስፒከሩ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ፈነዳ፦

«ሦስት ቁጥር ትራክተር ቆሟል! ናፍጣ ላኩ! ትሰማለህ?»

የእርሻው የሬድዮ መገናኛ ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ሠራተኛ ዘሎ ተነስቶ «ሰምቻለሁ!» እያለ ወደ በሩ ሮጠ፤ ለካ ናፍጣ የሚያድለው እሱ ነው። የሺ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ምርኩዟ ላይ ተደገፈች።

እኔ አልሳቅኩም። «ነገ እንዲህ ቢሆንስ?» አልኳት ዕቃ ስንጭን።

«ነገ ትራክተር የለም» አለች።

እሁድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሻሸመኔ

ዝዋይ አድረን፣ ላንጋኖን በጉም፣ አርሲ ነገሌን በእህል ጫኝ መኪኖች መሃል አልፈን ገባን። እዚህ አራት መንገድ ይገናኛል፤ ሰው፣ በቅሎ፣ ጋሪ፣ ከባድ መኪና፣ ሁሉም ቀድሞ ማለፍ ይፈልጋል።

ማይክራፎኑን ብሞክረው ድምፁ ቀጥኗል። ባትሪው በሞጆና በዝዋይ አልቋል። ይህ ባለ አራት ማዕዘን ባትሪ ደግሞ በየሱቁ የሚገኝ አይደለም። ከጋሽ ቶሎሳ ጋር ገበያውን አካለልን። ሰባተኛው ሱቅ ላይ እሳቸው ገና «አካም ቡልተኒ?» ብለው ሲገቡ ባለሱቁ አዛውንት ደስ አላቸውና ሰላምታው ብቻ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ባትሪ አውርደው በጋቢያቸው አቧራውን ጠረጉት።

«ስንት ጊዜ ሆነው፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«እኔ ስገዛው አዲስ ነበር» አሉ።

ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ስሞክረው ሠራ። ሆኖም ልቤ አላመነውምና ባለ ገመዱን ማይክራፎን አምፕሊፋየሩ ላይ ሰክቼ ከጠረጴዛ ሥር አስቀመጥኩት።

7 ሰዓት፣ ዳሱ ውስጥ

ሰዓት እላፊ ስላለ ሰርጉ በጊዜ ተጀምሯል። ዳሱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ሙሽሮቹ ከእኛ ፊት ለፊት በወዲያኛው ጫፍ ናቸው። አስካለ በነጭ ቬሏ ውስጥ አንገቷን እያሰገገች የሺን ትፈልጋለች።

የሺ እየዘፈነች ተነሳች። ሰዉ መንገድ ከፈተላት። ጋሽ ቶሎሳ ከበሮውን በእርምጃዋ ልክ አዘገዩት። ግማሽ መንገድ እንደደረሰች ስፒከሩ ተንኮሻኮሸ፣ ጭር አለ። ባትሪው ሞተ።

የታየኝ አምና የወደቀችበት ነው፤ ያኔ ሰዉ እንዴት ዝም እንዳለ። ወደ ወንበሯ የምትመለስ መሰለኝ። አልተመለሰችም። ማይክራፎኑን አጠገቧ ላለች ሴት ሰጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች። ከሩቅ የነበሩት ግን አልሰሟትም፤ «አይሰማም! አይሰማም!» ማለት ጀመሩ።

ባለ ገመዱን ይዤ ገባሁ። ገመዱን ትከሻዬ ላይ ጠምጥሜ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ደረስኩባት። ሳይ፣ ዓይኗ ማይክራፎኑን አልፎ ገመዱ ላይ ነው።

«መሬት አይነካም፤ እኔ ይዤዋለሁ» አልኳት።

አንድ አፍታ አየችኝ፤ ተቀበለችኝ። ድምፅዋ ዳሱን ሞላው። እሷ ስትራመድ እለቃለሁ፣ ስትቆም እሰበስባለሁ፣ ስትዞር አብሬ እዞራለሁ። እንግዶቹ አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ገመዱን በራሳቸው ላይ ያሳልፉልኛል። አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ከፍ አድርገው ያዙልኝ።

ሙሽራዋ ጋ ሊደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀር ገመዱ ተወጠረ። አለቀ። የሺ ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ይሄኔ አስካለ ቬሏን በሁለት እጇ ሰብስባ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሚዜዋ «ሙሽራ አይነሳም!» እያለች ልትይዛት ሞከረች፤ ማን ሰምቷት! ሦስቱን እርምጃ መጥታ የሺን አቀፈቻት። ዘፈኑን እዚያው ተቃቅፈው ጨረሱት። እልልታው ማይክራፎን አላስፈለገውም።

ሰኞ፣ 6 ሰዓት፣ ናዝሬት

መመለሻችን ሙቀትና አቧራ ነበር። ደረጀ ተኛ፤ ጋሽ ቶሎሳ አፏጩ። እኔ ስለ ባትሪው ይቅርታ ልጠይቅ አንዴ አፌን ብከፍት የሺ ዳቦ አጎረሰችኝ።

ቤቷ በር ላይ አወረድናት። ጥቂት ሄዳ ተመለሰችና በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ታዴ፣ ያ ገመድ ስንት ሜትር ነው?»

«አስር።»

«ሃያ አድርገው።»

«የሃያ የለንም እኮ።»

«ቀጥለዋ!» አለችና ምርኩዟን ቋ ቋ እያደረገች ገባች።

ምሳ ሳልበላ ሱቄን ከፍቼ የብየዳውን ብረት አጋልኩ።