ለዘንዶ ባዶ እጅ

ዘንዶውን ያመጣችው ልጄ ናት። ሳን ሆዜ ሥራ ይዛ ክፍል ከተከራየች ወዲህ ፊቷን የማየው በወር አንዴ ብቻ ነበር። ሰው የጣላቸውን እንስሳት ከሚያነሱ ሰዎች ይህንን ወሰደች፤ አከራይዋ ግን እንስሳ አይገባም አለቻት። ኦክላንድ እኔ ቤት መጣ። ከእኔ ቁመት ይረዝማል፣ ወገቡ ክንዴን ያክላል። ወሎ ተወልጄ እባብ ሲባል ድንጋይ የምፈልግ ሴት፣ "አምጪው" ያልኩበትን ምክንያት አልደብቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልታለማምደው ትመጣለች ብዬ ነው።

መጣችም። ሰዎቹ ግን ቃል አስገብተዋታል፤ በሁለት ወር ውስጥ እጅ ካልለመደ መልሰው ይወስዱታል። እሱ ከሄደ ቅዳሜዬም አብሮት መሄዱ ነው።

ስለዚህ እሷ በሌለች ጊዜ እኔም ላለማምደው ተነሣሁ። ያዘዘችኝ ቀላል ነበር።

"ማሚ፣ ምግቡን እኔ ነኝ የምሰጠው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። አንቺ ውሃውን ብቻ ቼንጅ አድርጊለት፤ ሽታሽን ይልመድ።"

እሺ አልኩ። ግን አራስ ሲጠየቅ፣ የታመመ ሲጠየቅ፣ ባዶ እጅ የት ይኬዳል? እኔ የማንንም ልብ ያገኘሁት አብልቼ ነው። ፍሪዘሬ ውስጥ፣ ከበርበሬው ጀርባ፣ ልጄ በላስቲክ ጠቅልላ ያስቀመጠቻቸው የቀዘቀዙ አይጦች አሉ። አንዱን በሙቅ ውሃ አሙቄ፣ ቢስሚላህ ብዬ የመስታወት ቤቱን በር ከፍቼ፣ በመቆንጠጫ አቀርብለታለሁ። ይውጣል። ልደባብሰው እጄን ስሰድ ራሱን ወደኋላ ይስባል።

"በልተህ ታኮርፋለህ?" እለዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሌላ አይጥ።

ምስጋናው ደረሰኝ። በሩ ገና ሲንቋቋ አንገቱን አጥፎ ይጠብቀኝ ጀመር። አንድ ሐሙስ ውሃ ልቀይር ስከፍት ተወርውሮ የሹራቤን እጅጌ ነከሰ። ሹራቡን አውልቄ ትቼለት ሸሸሁ። ወጭት ሰባሪ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እንዲህ ረጅም መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አርብ ዕለት ለእርቅ ትልቁን አይጥ ሰጠሁት። ሆዱ ሲሞላ ፈዘዝ አለ። አሁን ነው ብዬ በሁለት እጄ አነሣሁት፤ ዝም አለኝ። ልጄ ስትመጣ አንገቴ ላይ አድርጌው እንዴት በር እንደምከፍትላት እያሰብኩ ዋልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የዋጠውን በሙሉ አስመልሶት አገኘሁት። ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ነበር። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ገባች፤ አየችው፣ ቀጥታ ወደ ፍሪዘሩ ሄደች።

"ማሚ፣ ስምንት ነበሩ።"

"እ።"

"ሦስት ናቸው።"

መጥረጊያውን ይዤ ንጹሑን ወለል መጥረግ ጀመርኩ።

"በየቀኑ ነው የምታበይው?"

"በየቀኑስ አይደለም።"

"በሩ ሲከፈት ምግብ መጣ ነው የሚለው። እጅሽ አይጥ አይጥ ይሸታል። ለእሱ አንቺ ምሳ ነሽ፣ ኦኬ?"

"ለማን ያልሆንኩት ነው?"

አልሳቀችም። የበላ ዘንዶ ከተነካ እንደሚታመም፣ አሁን ሁለት ሳምንት እንደማይበላም እንደማይነካም ነገረችኝ። የለፋሁበት ሁሉ ወደኋላ ተመለሰ፤ ያውም በገዛ እጄ።

"እና አትመጪም?" አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ከፍሪዘሩ ዞራ አየችኝ። ፊቷን እንደዚያ ለረጅም ጊዜ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

"እመጣለሁ" አለች። "አንቺን ማን ያለማምድሻል?"

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ማዕድ ቤት ገሠገሥኩ፤ ወጡ ተጥዶ ነበር።

"ማሚ፣ ቁጭ በይ።"

"ትንሽ ቅመሺና..."

"ቁጭ።"

ከመስታወቱ ፊት ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዛሬ በሩ አይከፈትም፣ ዝም ብሎ ይየን አለች። እሱም ራሱን አንሥቶ ምላሱን እያወጣ እጄን ያይ ነበር፤ ባዶ መሆኑን ሲያይም አላመነኝም።

"እጄን ምን ላድርገው?"

"ምንም።"

ወጡ ያርራል ብዬ አንጀቴ እያረረ፣ ሁለቱንም እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጄ ትከሻዬን ተደገፈች። ወጡ አረረ።