ለሁለት የተቆረጠችው አያቴ

ደባርቅ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ የስንቱን ሰው አሮጌ ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቻለሁ። የራሴን አያት ግን ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

ፎቶዋ አንድ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት መንታ ምስሎች ነበሩ። ድሮ በቅሎ ያከራየችው ፈረንጅ ነው አንስቶ ከነማያ መነጽሩ የላከላት። ካርቶኑን መነጽሩ ላይ ሰክታችሁ በሁለት ዓይናችሁ ስታዩ ምስሎቹ አንድ ይሆኑና አያቴ ከወረቀቱ ወጥታ ትቆማለች። ከኋላዋ የሊማሊሞ ገደል ወለል ይላል። ልጅ ሳለሁ እናቴ መነጽሩን ስትይዝልኝ፣ እንዳልወድቅ እግሬን እሰበስብ ነበር። አያቴን በሕይወት አልደረስኩባትም፤ የማውቃት እዚያ ውስጥ ቆማ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ሄጄ ሣጥኑን ስከፍት ካርቶኑ ግማሽ ነው። መሀል ለመሀል በመቀስ ተቆርጧል። ደሜ ፈላ። የቆረጠው ታናሽ ወንድሜ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ሁለቱም ምስል የግድ መሆኑን አሳይቼው፣ «ኮምፒውተር ውስጥ እስካስገባት እንዳትነካት» ብዬ ለምኜው ነበር።

በማግስቱ ዳባት ሱቁ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ሰቅሏታል። እዚያ ያለ ፎቶ ቤት ፊቷን አንጥቶ፣ ከንፈሯን ቀብቶ፣ በገደሉ ቦታ ፏፏቴ አድርጎላታል። እኔስ ብሆን ለደንበኛ ስንት ፏፏቴ ሠርቻለሁ!

«ዋናውስ?» አልኩት።

«አዲሱ እያለ አሮጌው ምን ያደርጋል? እዚያው ጥለውታል።»

«ከዳኸኝ» አልኩት። አቀርቅሮ ባንኮውን መወልወል ጀመረ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ብዬ ወጣሁ።

ከመውጣቴ በፊት የእሱን በስልኬ አንስቼ ነበርና፣ በልኩ አትሜ ሣጥኑ ውስጥ ከቀረው ግማሽ ጎን መነጽሩ ላይ ሰካሁት። አንዱ ዓይኔ ፏፏቴ፣ አንዱ ዓይኔ ገደል አየ። አያቴ አልቆመችም።

እያለቀስኩ ለእናቴ ከሰስኩት። አስጨርሳ ሰማችኝ።

«እሱን አትቆጪው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዳይነግርሽም ያልኩት እኔው ነኝ። ሳልፍ ሽማግሌ ፊት እንዳትካሰሱባት ብዬ በቁሜ አካፈልኳችሁ። እኔ እንደሆነ አንድ ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሁለቱም ያው ናቸው።»

ከሁሉም በላይ ያመንኳት እሷን ነበር።

«አንቺ ታላቅ ነሽና የቀኙን ሰጠሁሽ» አለችና እስካመሰግናት ጠበቀች።