የወፍ ቆሎው ፀጉር አስተካካይ

ታናሽ ወንድሜ አርባ አንድ ዓመት ፀጉር አስተካክሏል። በዚያ ሁሉ ዘመን የሰው ጆሮ የቆረጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የሱቁ የመጨረሻ ቀን ሆነ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር። ደንበኛው ደግ ሰው ነው፤ ጆሮውን በመሐረብ ይዞ፣ «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ሌላኛው አለኝ» ብሎት ሄደ። ወንድሜ ግን መስታወቱን ከግድግዳ አወረደ፣ ወንበሩን በጨርቅ ሸፈነ፣ መጥቶም እኔ ቤት የኋላው ክፍል ገባ። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጆቹም የየራሳቸው ኑሮ አላቸው።

ቤት የዋለ ፀጉር አስተካካይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የመጥረጊያዬ ጫፍ ተስተካክሎ አገኘሁት። በሁለተኛው የምንጣፉ ዘርፍ አጠረ። በሦስተኛው የልጅ ልጄ አሻንጉሊት በወታደር ቁርጥ ተገኘች። ልጅቷ ስታለቅስ አጠገቧ ተቀምጦ፣ «አይዞሽ፣ ያድጋል» አላት። እንደማያድግ ትዝ ያለው ከተናገረ በኋላ ነው መሰለኝ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከዚያ ወዲያ መቀስ አላነሳም። ግድግዳ ሲያይ ይውላል። መጥረጊያውን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ እጁን ይዤ እኔ ወደምሠራበት መናፈሻ ወሰድኩት።

መናፈሻው ከሰፈራችን ጀርባ ነው። ድሮ ለአጥር ያምራል ተብሎ የተተከለ የወፍ ቆሎ የሚባል ቁጥቋጦ ዛሬ ግማሹን ወስዶታል። አበባው ያምራል፤ ሌላው ነገሩ አያምርም። ግንዱ ይቧጭራል፣ ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል፣ ወፎች ፍሬውን እየበሉ በየሜዳው ይዘሩታል፣ ከሥሩም ሣር አያስበቅልም። እኛ አሥራ አራት በጎ ፈቃደኞች ነን፣ አብዛኞቻችን ጡረተኞች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከነሥሩ እየቆፈርን እናወጣዋለን። የምትመራን ሠላሳ ዓመት ስታዋልድ የኖረች ሴት ናት፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። «በርቱ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ስትለን እውነት ይመስለናል። የመጣውንና የቀረውን የምመዘግበው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከስልሳ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ መጻፍ ገና አልሰለቸኝም።

ሲስተር ለወንድሜ ዶማና ጓንት ሰጥታ ከበሩ ዳር ያሉትን ሦስት ትልልቅ ቁጥቋጦዎች አሳየችው። «ዙሪያውን ይቆፍሩና ከነሥሩ ያውጡት» አለችው። እሺ አላት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንመለስ ሦስቱም እዚያው ናቸው። ግን ተስተካክለዋል። ጎን ጎናቸው አጥሯል፣ አናታቸው ክብ ሆኗል። ወንድሜ ከመሣሪያው ሳጥን ረጅም እጀታ ያለውን የአትክልት መቀስ አንሥቷል፤ በሁለት እጅ የሚያዝ ስለሆነ መንቀጥቀጡ ያን ያህል አያስቸግረውም። ከደረት ኪሱ የሱቁን ብሩሽ አውጥቶ የቅጠሉን ቁርጥራጭ እያራገፈ ነበር።

ከእኛው አንዱ፣ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረው ሾፌር፣ ቁጥቋጦውን አንዴ ዞረውና፣ «ይሄኛው ሊያገባ ነው እንዴ?» አለ።

ሲስተር አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ይንቀሉት ነው እኮ ያልኩት።»

«እንዲህ ጎፍሮ አላስቻለኝም።»

«ይሄ ነገር ሲቆረጥ ይብስበታል፣ እጥፍ ሆኖ ነው የሚመጣው።»

«ስለ ፀጉርም እንደዚህ ይላሉ» አላት ወንድሜ። «ውሸት ነው።»

ውሸት አልነበረም። ሦስቱም እጥፍ ሆነው መጡ፤ እሱም እጥፍ ደስ ብሎት አስተካከላቸው። ሾፌሩ ጋሽ መቀስ የሚል ስም አወጣለት፣ ስሙም ያዘ። ቅዳሜ አልበቃው ብሎ ረቡዕም መሄድ ጀመረ። ምግብ ይበላል። ግድግዳው ብቻውን ይውላል። እኔ ደግሞ እህቱ ነኝ፤ አረሙ እየበዛ መሆኑን እያየሁ ዝም አልኩ። መዝገቡ ላይ ስሙን ጽፌ «ተገኝቷል» እላለሁ፣ ምን እንደሠራ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ነገሩ የከረረው አንድ ቅዳሜ ነው። ደህና የለበሰ ሰውዬ በበሩ ሲያልፍ ሦስቱን ቁጥቋጦዎች ቆሞ አያቸው፣ አደነቃቸው፣ ከዚያ ወደ ሲስተር መጥቶ ለቤቱ አጥር የዚህን ተክል ችግኝ ከየት እንደሚያገኝ ጠየቃት። ሲስተር በትሕትና ሸኘችው። ወንድሜ ጋ ስትደርስ ግን አንቱታው ቀርቷል።

«ስማኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስቱ ከነሥራቸው ካልወጡ እዚህ ሥራ የለህም። ወይ ደግሞ እትዬ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀመጥና መዝገብ ያዝ።»

«መዝገቡ ሰው አለው» አልኩ እኔ። ቦታዬን ለመጠበቅ አይደለም። መቀመጥ ምን እንዳደረገው ስላየሁ ነው።

በሳምንቱ መሐል ወንድሜ ወጥ ቤት መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ሲመጣ ከነበረው አምሮ ያልተነሣ ሰው የለም። ያን ጆሮ ተይው።»

«ተውኩት።»

«አሁን ሲስተር ከነሥሩ አጥፋው ትለኛለች።»

«ሰው አይደለም እኮ፣ ወንድምዬ። አረም ነው።»

«ሰው አለመሆኑንማ አውቃለሁ። ሰው ቢሆን መቼ ይቀመጥልኝ ነበር?»

ሻይ ቀዳሁለት። እንዳይፈስበት ሁልጊዜ እስከ ግማሽ ነው የምቀዳለት፤ ያን ቀን ሳላስተውል ሞላሁት። ፈሰሰ። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።

ቅዳሜ ስንደርስ ቀድሞን ነበር። የመጀመሪያውን ቁጥቋጦ ይዟል፤ መቀሱም በእጁ ነው። ሲስተር ከሩቅ ስታየው ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

«ዛሬም?»

«ዛሬ እየላጨሁት ነው» አላት ዞር ሳይል። «ከነቀላችሁ ንቀሉት። እንዲህ ተንጨባርሮ ግን ከእጄ አይወጣም።»

መጀመሪያ ፍሬውን ለቅሞ በላስቲክ ከረጢት ቋጠረ። ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቅርንጫፉን አንድ በአንድ እየቆረጠ፣ እሾሁን ወደ አንድ አቅጣጫ እያስያዘ ጆንያ ውስጥ ከተተ። ቸኮለ አይባልም። ከጎኑ ሾፌሩ የራሱን ቁጥቋጦ ከነሙሉ ግርማው በዶማ ይታገላል፣ ሁላችንም እስከ ዛሬ እንደምናደርገው። ዶማው ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ ሲያስለቅቀው እሾሁ ይይዘዋል፣ ሥሩ የት እንዳለ አይታየውም። ለቁጥቋጦው የሚናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ወንድሜ ሲጨርስ መሬት ላይ የቀረው ስንዝር የማይሞላ ራሰ በራ ጉቶ ነው። በብሩሹ አራገፈውና ገለል አለ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

ሲስተር ዶማውን ራሷ አነሣች። ሰዓቷን አየች፣ ልማዷ ነው። ምንም የሚከልላት የለም፣ ሥሩ ከየት እንደሚነሣ ይታያል፤ አራት ጊዜ ቆፈረች፣ ከሥር ገብታ ፈለቀቀችው፣ ወጣ። ሰዓቷን ደግማ አየች።

«ሰባት ደቂቃ» አለች። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረች። «አንተስ ስንት ደቂቃ ሆነህ?»

«እኔ በሰዓት አልሠራም» አለ ሾፌሩ። ግንባሩ ተቧጭሯል።

ሲስተር ወንድሜን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ በየት በኩል እንደዞረ ስትገምት እንደዚህ ሳታይ አልቀረችም። የምታባርረው ስለመሰለኝ እስክሪብቶዬን ጨብጬ ተነሣሁ።

«ቀጣዩን ላጨው» አለችው። «ሾፌር፣ ያንን ተወውና ተራህን ጠብቅ። ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ መቀስ ሳያልፍበት ዶማ የሚያነሳ የለም።»

ወንድሜ ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። የወጣውን ሥር አየው፣ ጉድጓዱንም አየው። «አንድ ነገር አለኝ» አለ። «ጨረስኩ ሳልል ማንም አይነካም።»

«እሺ።»

«ስቆርጥም አታዋክቡኝ።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

ሁለተኛውም እንደዚያው ሄደ። ሦስተኛው ትልቁ ነበር፣ ብዙ የደከመበት። እኩለ ቀን ሆኗል፣ ሁሉም ርቦታል። ሲስተር ዶማውን ይዛ ከበላዩ ቆመች።

«አልጨረስክም?»

«ከኋላ ትንሽ ይቀረዋል።»

«አሁን ልንነቅለው እኮ ነው፣ አንተ ሰው!»

«ሰምቻለሁ» አለ፣ እና ጎንበስ ብሎ ከኋላው ዞረ።

ሲስተር ዶማውን ዛፍ አስደግፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩም እግሩን አጣምሮ አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ የቆየ ጋዜጣ አገኘና ተራው እስኪደርስ ያነብ ጀመር።