የገለበጥኩት ፋን

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለሸኻችንም አልነገርኩም፣ ለወንድሜም በሕይወት ሳለ አልነገርኩም። ወንድሜ ኸይሩ በዚህ ክረምት ሞተ፤ ቡታጅራ ቀበርነው። አሁን ይህን ለምታነበው ለአንተ እናገራለሁ። ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም። ቃሉ ይዘገይብኛል። ያደረግሁትን ግን አውቀዋለሁ፤ እዚያ ላይ አልጠራጠርም። ፋኑን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

በእኛ ሃይማኖት ኃጢአትን ለሰው መናዘዝ የለም። የሰው ሐቅ ግን ሌላ ነው። የበደልከው ሰው ራሱ አፉ ካላለህ፣ ይቅር ካላለህ፣ ሐቁ አንገትህ ላይ ይቀራል ብለው አስተምረውናል። እኔ የበደልኩት ሰው መበደሉን እንኳ አያውቅም። እንዲያውም በዳዩ እሱ ራሱ ይመስለዋል። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ወንድሜ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችው። ከኋላዋ አግዳሚ ገጥሞ ከቡታጅራ አዲስ አበባ ሰው ያመላልስባታል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችን የኖረው በእሷ ነው፤ እኔም አዲስ አበባ የተማርኩት በእሷ ነው። ያን ክረምት ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት መጥቻለሁ። ወንድሜ ላገኘው ሰው ሁሉ “ይሄ ኢንጂነራችን ነው” ይላል። ሲደጋግመው እኔም አመንኩ።

መኪናዋን የሚጠግናት ጋሽ ሳህሌ ነበር። የቸሃ ጉራጌ ነው። ሙያውን ወልቂጤ ከአንድ ጣሊያን ተምሮ መጥቶ ቡታጅራ ገበያው ዳር በዛፍ ጥላ ይሠራል። እሱ ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም፤ ግን ለአረፋ እሱ ቤታችን ይመጣል፣ ለመስቀል እኛ ቤቱ እንሄዳለን። ለእኛ የሚሆነውን በግ እዚያው ሙስሊም ሰው ለብቻ ያርድልን ነበር። ወንድሜና እሱ ሲገናኙ በቀልድ ሳይሰዳደቡ ሰላም አይባባሉም።

ያን ክረምት ከጋሽ ሳህሌ ጎን ቁጭ ብዬ እጁን አይ ነበር። የጋለ ሞተር ሲመጣለት ዘሎ መፍቻ አያነሳም። “መጀመሪያ ጠይቃት” ይለኛል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፋኑን፣ ማራገቢያውን፣ የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ከላላ ፋኑ ሰንፏል ማለት ነው። ከዚያ ያስነሳና የሞተሩን ውሃ የሚያበርደው ራዲያተር ፊት ወረቀት ይይዛል፤ ፋኑ ደህና ከሆነ ወረቀቱ ተስቦ ይለጠፋል። ቀጥሎ የራዲያተሩን ላይኛውን በአንድ እጁ፣ ታችኛውን በሌላ እጁ ይነካል። ላዩ ግሎ ታቹ ከቀዘቀዘ ውሃው አይዞርም፤ ውስጡ ተደፍኗል። አንድ ቀን ደግሞ ከአንድ ጭነት መኪና የፈታውን ፋን አንስቶ አሳየኝ።

“ይችን የክንፉን ጎድጓዳ ፊት እያት። ወደ ሞተሩ ነው የምትዞረው። ገልብጠህ ከገጠምካት መዞሩን ትዞራለች፣ ጉልበት ግን የላትም። ስንቱ በዚህ ተሸውዷል መሰለህ!”

ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ ራሱ።

መስቀል ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የመኪናችን ራዲያተር ከታች ማንጠብጠብ ጀመረ። ጋሽ ሳህሌ ያረጀውን ቺንጋ ሊለውጥ ፋኑን ፈትቶ መልሶ ገጠመ። ስለ ራዲያተሩ ግን “ወርዶ መበየድ አለበት። ሦስት ቀን ስጠኝ” አለው ወንድሜን።

“አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ጉራጌ በሙሉ ለመስቀል አገሩ በሚገባበት ሳምንት ሦስት ቀን?”

“እንግዲያው ውሃ እየጠጣች ትሂድልህ። እኔ ግን አልሰማሁም፣ አላየሁም” ብሎ ሳቀ።

እኔ ቤት ገብቼ አሰብኩ። ቡላ በሙቅ ውሃ ምን እንደሚሆን በጉራጌ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ከእንሰት የሚወጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ ሲሞቅ ይወፍራል፣ ይጣበቃል። ትምህርት ቤትም ስለዚሁ ተምሬአለሁ። ሁለቱን አገናኘሁና ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ። እናቴ ለእንግዳ ካስቀመጠችው ቡላ ሁለት እፍኝ ዘገንኩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርኩ። ሞተሩን አስነሳሁ። ጥቂት እንደቆየ ጠብታው ቀጥ አለ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወንድሜ “በምን ደፈንከው?” ሲለኝ “በሳሙና” አልኩት። ሾፌሮች በሳሙና ይደፍናሉ፤ ማንም አይገርመውም። የእናቴን ቡላ ለመኪና አበላሁ ማለት አሳፈረኝ። ወንድሜ በደስታ ትከሻዬን መታኝ። “ሳህሌ ሦስት ቀን ያለውን ኢንጂነሩ በአንድ ሰዓት!” እያለ በገበያው ሁሉ አወራ።

በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ስንመለስ ጋቢና ከወንድሜ ጎን ነበርኩ። ኋላችን የመስቀል መንገደኛ ከነዕቃው ሞልቷል። ጥያ ሳንደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ። ወንድሜ አየኝ። “ምን ይመስልሃል? እንቁም?” አለኝ። ከቆምን የራዲያተሩ ክዳን ይከፈታል፤ ቡላዬም ይታያል። “ትንሽ እንሂድ፣ ነፋስ ያበርደዋል” አልኩት። አመነኝ። ትንሽ ሄድን። ከዚያ ሞተሩ አንኳኳ፣ አንኳኳና ጸጥ አለ። እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፈነው።

አንዲት ወይዘሮ ከኋላ “ሾፌር! መኪና ነው ድስት የምትነዳው?” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም። ወርጄ የራዲያተሩን ላይ ብነካ ያቃጥላል፤ ታቹን ብነካ ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። እዚያው መንገድ ላይ አውቄዋለሁ። አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ቡታጅራ አደረሰን።

በነጋታው ጠዋት ወንድሜ ጋሽ ሳህሌን ሊጠራ ወጣ። ክዳኑን ከፈትኩ። ገንፎ ነው። ጣቴን ከትቼ አወጣሁ፤ ነጭ ሆኖ ወጣ። ጋሽ ሳህሌ መጥቶ ይህን ክዳን ቢከፍት በአንድ እይታ ይገባዋል። በዚያች ሰዓት እውነቱን መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። ወንድሜ ይጮህብኝ ነበር፤ ምናልባት በጥፊ ይለኝ ነበር። ሲውል ሲያድር ደግሞ ለሰው እያወራ ይስቅብኝ ነበር። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ይስቅ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ኢንጂነር መባሉ እንዳይቀርብኝ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ክዳኑን ዘጋሁ። መፍቻ አነሳሁ። አራቱን ብሎን ፈታሁ። ፋኑን ገለበጥኩ። አራቱን ብሎን መልሼ አጠበቅሁ። 

ጋሽ ሳህሌ ሲመጣ የሰፈር ጎረምሶችም ተከትለውት መጡ። ወደ ክዳኑ እጁን ሳይሰድ ቀደምኩት። “ጋሽ ሳህሌ፣ መጀመሪያ ፋኑን ይዩት” አልኩ። አጎንብሶ አየ። ክንፉን በጣቱ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰው።

“ምንድነው?” አለ ወንድሜ።

“ተገልብጦ ነው የተገጠመው” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

“ሰው ጭኜ! የሰው ነፍስ ጭኜ፣ ሳህሌ! ዐይንህን የት ጥለኸው ነው?”

ከጎረምሶቹ አንዱ “ተማሪህ በለጠህ እኮ ጋሽ ሳህሌ!” ብሎ አሾፈ።

እኔ ይክዳል ብዬ ነበር። እንዲህ አልገጠምኩም ቢል የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ ሁለት እጆቹን አያቸው። “እኔ ነኝ እንግዲህ” አለ። “ያን ቀን ሦስት መኪና ነበረብኝ። ቸኩዬ ይሆናል። ኸይሩ፣ እኔ ነኝ።”

ሰማህ? አመነኝ። የገዛ እጁን ከማመን እኔን ማመን ቀለለው። ወንድሜ ሰው ፊት ሰደበው፣ ሁለተኛ ግቢዬን እንዳትረግጥ አለው። እኔ መፍቻውን ይዤ ቆሜ ነበር።

ራዲያተሩን ብቻዬን አውርጄ በሙቅ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ አስበየድኩት። ፋኑን አስተካክዬ ገጠምኩ። የተቃጠለውን ሞተር አዲስ አበባ አሠራነው። መኪናዋ ዳነች። ሰውም “አይ፣ ነገሩ የፋኑ ነበር” አለ። ለጋሽ ሳህሌ መኪና የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ዓመት ሳይሞላ ዕቃውን ሸክፎ ወልቂጤ ገባ። በዓመቱ የመስቀል ዕለት ወንድሜ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ “ይሄ ሳህሌ አንዳንዴ ይናፍቀኛል” አለኝ። አንድ ቃል ብናገር ተነስቶ ይሄድ ነበር። አልተናገርኩም። አራት ዓመት አልተናገርኩም።

በዚህ ክረምት ወንድሜን ጉበቱን አመመው፤ ብዙ አልቆየም። ጀናዛው ሳይነሳ ሸኻችን እንደ ልማዱ “ኸይሩ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፣ ወይም አፉ ይበለው” ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ “አፉ ብለነዋል” አለ። ወንድሜ ንጹሕ ሰው በአደባባይ ሰድቦ እንደሞተ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያሰደብኩት እኔ ነኝ። ዝም አልኩ።

በሰባተኛው ቀን ጋሽ ሳህሌ ለቅሶ ደረሰ። መርዶውን ዘግይቶ ሰምቶ ከወልቂጤ በአዲስ አበባ ዞሮ ነው የመጣው። ፀጉሩ ሸብቷል። ዳሱ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ እፊቴ መጥቶ ቆመ። አልቅሶ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ።

“በእናንተ ዘንድ ይሄ አፉ መባባል አለ አይደል? እኔ ወንድምህን በድዬው፣ ይቅር ሳይለኝ ሞተ። ሞተሩን ያቃጠልኩበት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና አልነካሁም፤ እጄን አላምነውም። ወልቂጤ ወፍጮ ቤት እህል እመዝናለሁ። በእሱ ፈንታ አንተ አፉ በለኝ፣ ልጄ።”

ሰው ሁሉ ያየኛል። እናቴ ታየኛለች። ምን አልኩ? “አፉ ብለንዎታል ጋሽ ሳህሌ” አልኩ። አዎ። በዳዩ እኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ። ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። ፋኑን የገለበጥኩ ቀን ልጅ ነበርኩ ልበል፤ ዳሱ ውስጥ ግን ልጅ አልነበርኩም። ይሄኛው ከዚያኛው ይብሳል።

ይህን ሁለት ቦታ ጽፌዋለሁ። አንዱ ያንተ ነው። ስጀምር ለእናቴ አልነገርኩም ብዬህ ነበር፤ ሌላውን ግን ትናንት አነበብኩላት፤ ሰምታ ስታበቃ “ተነስና ሂድ” ብቻ አለችኝ። ነገ ማለዳ አውቶቡስ እይዛለሁ፣ እሱ በመጣበት መንገድ ወልቂጤ እገባለሁ። ወፍጮ ቤቱ በሚሞላበት በገበያ ቀን፣ ያኔ ሰው ፊት እንደተሰደበ ሁሉ ሰው ባለበት ይህን አነብለታለሁ። ከአፌ የወጣውን አፉታ፣ ያን ይቅርታ፣ መልሼ እወስዳለሁ፤ የምሰጠው የእኔ አልነበረም። ወንድሜን አፉ እንዲለው እለምነዋለሁ። ለራሴ አልለምንም። ልጅነቴን፣ ፍርሃቴን፣ ሐዘኔን ምክንያት አላደርግም። ቢተወኝም ባይተወኝም የሱ ፈንታ ነው። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው አንድ ነገር ነው፤ ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ።

ጋሽ ሳህሌ፣ ፋኑን በትክክል ነበር የገጠሙት።