ስሜ ላይ ሲደርስ የሚቆመው ኮምፒውተር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ልርሳው ብል እንኳ ሰዉ አያስረሳኝም፤ የቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እኔን እያዩ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ፊቴን ሸፍኜ ነበር ከአዳራሹ የወጣሁት።

የምኖረው ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቴ ሲሞት በሬዎቹን ሸጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ መሬቴን ጎረቤቴ አያ ጌታሁን ምርቱን እኩል ልንካፈል ያርሰዋል። ደግ ሰው ነው። የራሱን አርሶ፣ የወንድሙን አርሶ፣ የአማቹንም አርሶ ሲጨርስ ወደ እኔ ይመጣል። የሰው ስንዴ ብቅ ብቅ ሲል የእኔ መሬት ገና አልተገለበጠም።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ሰብለ። ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች በኋላ ብዙ ጊዜ ቤት ተቀመጠች። በመጨረሻ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለሙከራ ወሰዳት። ሥራዋ ካማረ ትቀጠራለች፤ ካላማረ ትመለሳለች። እኔ ስሜን ከመጻፍ ያለፈ ትምህርት የለኝም። የምትሠራውን ሳላውቀው ለእመቤታችን ተሳልኩ።

የሰጧት ሥራ ይህ ነው። በእኛ ቀበሌ ስንዴ የሚዘራው በኩታ ገጠም ስለሆነ መሬቱ ሁሉ እኩል መድረስ አለበት። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ሰው መሬት ለበሬዎቹ ቁጥር ያካፍልና እርሻው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይናገራል። ብዙ ቀን የሚፈጅበት ሰው ከላይ ይቀመጣል፤ ደቦም ቀድሞ ይወጣለታል።

ሰብለ ሥራዋን የምታሳይበት ቀን የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ኃላፊዋም ከከተማ መጡ። ስሞቹ ግድግዳው ላይ እየበሩ አንድ በአንድ መጡ፤ እኔም በልጄ ኮራሁ። የእኔ ስም ሲደርስ ግን ሁሉም ነገር ድርግም ብሎ ጠፋ።

እንደገና አስነሳችው። እንደገና ስሜ ላይ ጠፋ።

«ዘርፌ፣ ዓይንሽን መልሺ እንጂ፤ የልጅሽን ሥራ በላሽው» አለ አያ ጌታሁን። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው የሚሳሳለትን ነገር በዓይኑ ይበላል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ወጣሁና ከአዳራሹ ጀርባ ከግድግዳው ጋር ተፋጥጬ ቆምኩ።

ውስጥ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የሚመጡትን ስሞች አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ስሜ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ አላስቻለኝም። ገብቼ ለኃላፊው፣ «ጌታዬ፣ ስሜን ይሰርዙት። ደቦውም ይቅርብኝ፣ እሷ ብቻ እንጀራዋን አትጣ» አልኳቸው።

«እንደሱ ይሻላል፤ ይሰረዝና እንቀጥል» አሉ ኃላፊው፣ ደስ እያላቸው።

ሰብለ ግን ስሜን ትክ ብላ ታይ ነበር። «አይሰረዝም» አለች። «የእናቴ በሬ ባዶ ነው። መሬቷን ለባዶ አካፍል ብዬዋለሁ።»

እናቷ በሬ እንደሌላት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ፕሮግራሙን ስትሠራ ግን ያሰበችው ባለበሬውን ነው።

ከዚያ አስረዳችን። ኮምፒውተሩ ውስጥ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባል፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ያለ አለ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚቀመጥበትን ቦታ ይሰጠዋል፤ ከድንበሩ አልፎ የሌላውን ከነካ ያባርረዋል። ለባዶ ላካፍል ያለውንም መልስ ስለሌለው እንዲሁ ያባርረዋል። ቡዳ የለበትም ማለቷ ነው።

«ታዲያ እንዳያባርረው ማድረግ አይቻልም?» አሉ ኃላፊው።

«ዝም ብለህ አሳልፈው ልለው እችላለሁ። ግን...»

«እንግዲያው እንደሱ በይዋ።»

ትንሽ ነካካችውና አስነሳችው። እኔ በነጠላዬ ቀዳዳ አየሁ። ስሜ መጣ፣ አልጠፋም። ከፊቱ ግን የእርሻው ቀን «ማለቂያ የለውም» ይል ነበር። ወዲያው ከሌላው ሁሉ አልፎ ከላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ኃላፊው ተቆጡ። «ማለቂያ የሌለው እርሻ ምን ማለት ነው?»

አያ ጌታሁን ከኋላ፣ «የሚያርስላት እኔ ነኛ፣ ጌታዬ» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊውም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ የእኔ ስንዴ ሁልጊዜ መቼ እንደሚዘራ ሕዝቡን ጠየቁ። «ከሁሉ መጨረሻ ነው» አለ አያ ጌታሁን ጫማውን እያየ።

ደቦው ማግስቱን ወጣ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ መሬት። ከፊት በሬዎቹን እየነዳ የመጣው አያ ጌታሁን ነው። ሰብለም ተቀጠረች። ኃላፊው በየስብሰባው፣ «ችግረኛን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም» እያሉ ያወድሱታል። እሷ እንዲህ ሲሉ በሰማች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። «እማዬ፣ እሱ እኮ መልስ አይደለም፣ ስህተት ነው» ትለኛለች። ለብዙ ዓመት ትክክል ነው የተባለው ስሌት እኔን መጨረሻ ነበር የሚያደርገኝ፤ ስለዚህ በዚህ ስህተት አልጣላም።

ዘንድሮ ደግማ ሠርታዋለች። እንደ እኔ በሬ የሌላት ሴት ስም ላይ ሲደርስ አይጠፋም፤ «ማለቂያ የለውም» ብሎም አይጽፍም። «ማን ያርስላታል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ዛሬም ላፕቶፑን ስትከፍት ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደርጋለሁ። ትቆጣኛለች።

በዚያ ስንዴ አንድ ወይፈን ገዛሁ። ሰብለ መጥታ ልትመዘግበው ስትል፣ «ልጄ፣ በሬ አላት ብሎ ከላይ እንዳያወርደኝ፣ እስኪዘራ ቆይልኝ» አልኳት።